የበግ ፀጉርና የእጅ ፈትል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በትንሽ መሬት ላይ በግ ይዘው ፀጉሩን ራሳቸው ለሚፈትሉ፣ ወይም ልጀምር እያሉ ለሚያስቡ።

ማንኛውም በግ ለፈትል የሚሆን ፀጉር አለው?

የለውም። ዶርፐርን፣ ካታዲንንና ጥቁር ራሱን የሶማሌ በግ ብትይዙ ሥጋ እንጂ ክር አታገኙም። ገላቸውን የሚሸፍነው አጭርና ደረቅ ፀጉር ነው። ዶርፐርና ካታዲን ትንሽ ሱፍ ቢያበቅሉም በየዓመቱ በራሱ ጊዜ ይረግፋል።

ለፈትል የሚሆን ፀጉር መጀመሪያ ርዝመት ይፈልጋል። ለጀማሪ ከ8 እስከ 12 ሳንቲሜትር ያለው ይመቻል። ቀጥሎ ጥቅልል ማለት አለበት፤ ያ ጥቅልል ነው ክሩን ሳብ ሲያደርጉት እንዲለጠጥና መልሶ እንዲሰበሰብ የሚያደርገው። በተጨማሪም እያንዳንዱ የሱፍ ጭረት፣ ማለትም አንዷ ነጠላ ፀጉር፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ገጽ አለው። ጭረቶቹ ሲከርሩ እርስ በርስ የሚያያዙት በዚህ ቅርፊት ነው። ወደ አጠባው ስንደርስ ይኸው ቅርፊት ጠላት ይሆናል።

የትኛውን ዝርያ ልያዝ?

ምን ልትሠሩ እንደምታስቡ ለራሳችሁ መልሱ። የፀጉር ልስላሴ የሚለካው በማይክሮን ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። የሜሪኖ ፀጉር አብዛኛውን ጊዜ ከ17 እስከ 22 ማይክሮን ስለሆነ አንገት ላይ እንኳ አይቆረቁርም። ኮሪዴል ከ25 እስከ 31 አካባቢ ነው። ሮምኒ ከ30 በላይ ይወጣል። ሊንከን ደግሞ ወደ 40 ይጠጋል፤ ሻካራ ነው፣ ግን ረጅምና የሚያብለጨልጭ፣ ለምንጣፍና ለጠንካራ ክር ወደር የለውም። የአይስላንድ በጎችና አንዳንድ የሼትላንድ በጎች ድርብ ፀጉር ያበቅላሉ፤ ከላይ ረጅምና ጠንካራ፣ ከሥር ለስላሳ። የመንዝ በግ ፀጉርም ከሻካራዎቹ ወገን ስለሆነ ከሹራብ ይልቅ ለምንጣፍና ለወፍራም ልብስ ይስማማል።

ሰው ሁሉ የሚሮጠው ወደ ሜሪኖ ነው። እኔ ለጀማሪ አልመክርም። ፀጉሩ አጭርና በጣም ቅባታም ነው፤ ለማጠብም ለመፍተልም ልምድ ይጠይቃል። ሜሪኖና ሊንከን ተዳቅለው የተገኘው ኮሪዴል ከሁለቱም መልካሙን የወሰደ ይመስለኛል፤ ርዝመቱ ለእጅ ይመቻል፣ ልስላሴውም ለሹራብ ይበቃል። አየሩን ግን አትርሱ። ዝናብ በሚበዛበት ቦታ የሜሪኖ ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ውሃ ይዞ ስለሚቆይ ከሥሩ ይበሰብሳል። ሮምኒ ከእንግሊዝ ረግረጋማ ምድር የመጣ ስለሆነ እርጥበትን የተሻለ ይችላል።

ስንት በግ ይበቃኛል?

ሦስት። አንድ በግ ለብቻው አይያዝም፤ መንጋ የለመደ እንስሳ ስለሆነ ብቻውን ሲቀር ይጨነቃል፣ ይጮኻል፣ መብላትም ይተዋል። ሁለት ይቻላል፤ ግን አንዱ ከታመመ ወይም ከሞተ ያው ብቸኝነት ተመልሶ ይመጣል።

ስለ ክሩ ከሆነ ደግሞ ሦስትም ይበዛል። አንድ ደህና ኮሪዴል በዓመት 4 ኪሎና ከዚያ በላይ ይሰጣል፤ ትንሿ ሼትላንድ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ገደማ። ከዚህ ላይ ቅባቱ፣ ላቡና አፈሩ ታጥቦ ሲወጣ እንደ ዝርያው ከሩብ እስከ ግማሽ ያህሉ ይቀንሳል። እንግዲህ ሦስት ኮሪዴል 12 ኪሎ ቢሰጡ 7 ኪሎ ገደማ ንጹሕ ፀጉር እጃችሁ ላይ ይቀራል። ለአንድ ትልቅ ሰው ሹራብ 600 ግራም አካባቢ ክር ይበቃል። ሒሳቡን ሥሩት። በትርፍ ጊዜው የሚፈትል ሰው ይህን ሳይጨርስ ቀጣዩ ሽለታ ይደርሳል።

ሴት ልግዛ፣ አውራ ወይስ የተኮላሸ ወንድ?

ዓላማችሁ ፀጉር ብቻ ከሆነ የተኮላሸ ወንድ ግዙ። ሴት በግ የበላችውን ለጽንሱና ለወተቱ ታካፍላለች፤ ያ ጭንቀት ደግሞ ፀጉሯ ላይ ይታያል። የተኮላሸው ሌላ ሥራ የለበትም፤ በልቶ ፀጉር ያበቅላል። ጠባዩም ገር ነው። ማርባት የማትፈልጉ ከሆነ አውራ አታስገቡ። ይዋጋል፣ ልጆች ባሉበት ግቢ አደጋ ነው፣ ፀጉሩም ኃይለኛ ጠረን አለው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። የተኮላሸ ወንድ እህል ሲበዛበት የሽንት ቧንቧው ውስጥ ጠጠር ይሠራል። እያማጠ ሽንት እምቢ ካለው በሰዓታት ውስጥ ሐኪም ያስፈልገዋል። ሣርና ድርቆሽ ላይ ካቆያችሁት፣ ንጹሕ ውሃም ካልተለየው ይህን ብዙ ጊዜ አታዩትም።

ምን ላብላቸው? መኖ ፀጉሩን ይለውጠዋል?

አንድ በግ በቀን ከክብደቱ ከ2 እስከ 3 በመቶ የሚሆን ደረቅ መኖ ይፈልጋል። 50 ኪሎ ለሚመዝን በግ ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ድርቆሽ ማለት ነው። ግጦሹ ደህና ከሆነ ያው ይበቃል። እህል ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ በግ እንጂ ለሌላው የግድ አይደለም፤ ሲሰጥም ቀስ በቀስ እየተለማመደ ነው። ተርቦ የቆየ በግ ድንገት እህል ላይ ከተለቀቀ ሆዱ ይኮመጥጥና ሊሞት ይችላል።

ፀጉሩን ይለውጠዋል ወይ? በጣም እንጂ። ሱፍ ፕሮቲን ነው። በጉ ሲራብ ወይም ትኩሳት ሲይዘው በዚያ ሰሞን የበቀለው ቦታ ይቀጥናል። ወራት አልፈው፣ በጉ አገግሞ፣ ፀጉሩ ረዝሞ ሳለ ያቺ ቀጭን ቦታ እዚያው ትቆያለች፤ በማበጠሪያው ጥርስ ሲሳብ ልክ እሷ ላይ ይበጠሳል። በተቃራኒው ከመጠን በላይ የተቀለበ በግ ፀጉሩ ይወፍራል። ስለዚህ ጥሩ ፈትል የሚፈልግ ሰው የሚያስፈልገው ዓመቱን ሙሉ ያልተዋዠቀ መኖ ነው። ክሩ ጉረኖ ውስጥ ነው የሚበላሸው የምለው ለዚህ ነው።

መዳብን ተጠንቀቁ። ለከብት፣ ለዶሮ ወይም ለአሳማ የተዘጋጀ መኖና የማዕድን ጨው ለበግ የሚበዛ መዳብ አለው። በግ መዳቡን ጉበቱ ውስጥ ያጠራቅመዋል፤ ወራት ምንም ሳይታይበት ይቆይና ድንገት ይወድቃል። ማሸጊያው ላይ «ለበግ» የሚል ካላያችሁ አትስጡ።

ፀጉሩ ሁልጊዜ ገለባ በገለባ ነው። ምን ላድርግ?

የምታበሉበትን መንገድ ቀይሩ። በበጎቹ ጀርባ አሻግራችሁ ድርቆሽ ትወረውራላችሁ? እሱ ነው። የመኖ መያዣው ከራሳቸው በላይ ተሰቅሏል? እሱም ነው። በጉ ወደ ላይ አንጋጦ ሲጎትት ብናኙ በሙሉ አንገቱና ትከሻው ላይ ይወርዳል፤ ከፀጉሩ ሁሉ ምርጡ ደግሞ ያለው እዚያ ትከሻው ላይ ነው። መያዣውን ከደረታቸው ዝቅ አድርጉት፣ መኖውን አስቀምጣችሁ ከዚያ በጎቹን አስገቡ።

ግጦሹ ላይ ያለውን የሚጣበቅ የአረም ፍሬ ፍሬው ሳይደርቅ እጨዱት። ገለባ በማጠብም በማበጠርም በከፊል ይረግፋል። ያ እሾሃማ ፍሬ ግን አይረግፍም፣ አንድ በአንድ በጣት ነው የሚለቀመው። አንዳንዶች ለበጎቻቸው የሸራ ልብስ ያለብሳሉ። ይሠራል። ግን ፀጉሩ ባደገ ቁጥር በሚሰፋ እየተቀየረ መሄድ አለበት፤ ካልሆነ ያፍነውና እንደ ምንጣፍ ያያይዘዋል።

አጥር ላይ እየተፋተጉ ፀጉራቸውን ይነቅላሉ። ለምን?

ቅማል ወይም እከክ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ፀጉሩን በሁለት እጅ ለያይታችሁ ቆዳውን በፀሐይ ብርሃን ተመልከቱ። ቅማል ትንሽ ናት፣ ግን ስትንቀሳቀስ ትታያለች። ቆዳው ከቀላ፣ ቅርፊት ከሠራ ወይም ከቆሰለ እከክ ሊሆን ይችላል፤ መንጋውን በሙሉ ስለሚያዳርስ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። መድኃኒት ለመቀባት የሚቀለው ከሽለታ በኋላ ነው።

ሳይፋተግ ፀጉሩ የሚሳሳና የሚደክም በግ ካለ የታችኛውን የዓይን ሽፋን ገልብጣችሁ እዩ። ጤነኛ ከሆነ ቀይ ወይም ደማቅ ሮዝ ነው። ነጭ ከሆነ ደም የሚመጥ የጨጓራ ትል አለበት ማለት ይሆናል፤ አይቆይም፣ ቶሎ መታከም አለበት።

በዓመት ስንት ጊዜ ይሸለታል? ባይሸለትስ?

አብዛኛው በግ በዓመት አንዴ፤ ፀጉራቸው ቶሎ የሚያድግ እንደ ሊንከን ያሉት ሁለቴ ሊሸለቱ ይችላሉ። ብርዱ አልፎ ሙቀቱ ሳይበረታ ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። የምትወልድ በግ ካለች ከመውለዷ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቀደም ብሎ መሸለት ጥቅም አለው። ጉረኖው አይጨናነቅም፣ ግልገሉ ጡቱን ቶሎ ያገኛል፣ በወሊድ ጭንቀት የሚመጣው ቀጭን ቦታም በአዲሱ ፀጉር ጫፍ ላይ እንጂ መሐሉ ላይ አያርፍም። የመውለጃዋ ቀን ከቀረበ ግን ተዉአት። የተሸለተ በግ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ከዝናብና ከነፋስ መጠለያ ይፈልጋል።

ባይሸለት? በፈረንጆቹ 2004 በኒውዚላንድ ሽሬክ የተባለ ሜሪኖ ተይዞ ነበር። ስድስት ዓመት ያህል ዋሻ ውስጥ እየተደበቀ ከሽለታ አምልጦ ኖሯል፤ ሲሸለት 27 ኪሎ ወጣው። በ2015 ደግሞ በአውስትራሊያ ካንቤራ አጠገብ የተገኘው ክሪስ ከ40 ኪሎ በላይ ተሸክሞ ተገኘ። ታሪኩ ያስቃል፤ እንስሳው ግን እየተሰቃየ ነበር። መራመድ ያቅተዋል፣ ዓይኑ ይሸፈናል፣ በጠጥና ሽንት በተጣበቀበት ፀጉር ውስጥ ዝንብ እንቁላሏን ትጥልና ትሉ ቆዳውን ይበላዋል።

ራሴ መሸለት እችላለሁ?

ለሦስት አራት በግ አዎ። የሠለጠነ ሸላች በኤሌክትሪክ መሸለቻ በሁለት ሦስት ደቂቃ የሚጨርሰውን እናንተ በእጅ መቀስ ሰዓት ልትፈጁበት ትችላላችሁ። ችግር የለውም። በመካከል በጉንም ራሳችሁንም አሳርፉ።

በጉ ከ12 ሰዓት በላይ ሳይበላ ይደር፤ ሆዱ የሞላ በግ ሲቀመጥ ይጨነቃል፣ መሸለቻውንም ያቆሽሻል። ፀጉሩ ደረቅ መሆን አለበት። እርጥብ ፀጉር ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ይሻግታል። ከዚያ በጉን በቂጡ አስቀምጡትና ጀርባውን ጉልበታችሁ ላይ አስደግፉት። እግሩ መሬት ካልነካ ብዙ አይታገልም። ከሆዱ ጀምሩ። ዋናው ሚስጥር ቆዳውን በግራ እጅ ወጥሮ መያዝ ነው እንጂ ፀጉሩን መሳብ አይደለም። ፀጉሩን የሳበ ሰው ቆዳውን አብሮ ወደ መቀሱ አፍ ያነሣዋል፤ ብዙው ቁስል የሚመጣው ከዚህ ነው። ጡት፣ ብልት፣ ጆሮና የአንገት ሥር እጥፋት ላይ ቀስ በሉ።

ሌላው፣ መቀሱ ከቆዳው ርቆ ቢያልፍና ትንሽ ፀጉር ቢቀር ተመልሳችሁ አትቁረጡት። ሁለተኛው ቁራጭ አንድ ሁለት ሳንቲሜትር ነው፤ ከረጅሙ ጋር ይቀላቀልና ክሩ ላይ እብጠት እብጠት ይሠራል። በጉ ለጥቂት ሳምንት ዥንጉርጉር ቢመስል ማንም አይከሳችሁም።

ከተሸለተ በኋላ መጀመሪያ ምን ይደረጋል?

ፀጉሩ አንድ ላይ ተያይዞ እንደ ቆዳ ተገፎ ነው የሚወጣው። ሽቦ ወንፊት ወይም ርብራብ ጠረጴዛ ላይ የተቆረጠውን ወገን ወደ ታች አድርጋችሁ ዘርጉትና አራግፉት፤ አጫጭሩ ቁራጭና አፈሩ በርብራቡ ይወርዳል። ከዚያ ዙሪያውን ልቀሙ። በጠጥ የተጣበቀበት፣ የሆድ ፀጉር፣ ሽንት ያቃጠለው፣ የእግርና የጭራ አካባቢ ሻካራው ይወገድ። እጃችሁ አይሳሳ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ይህም ይጠቅም ይሆናል» እያለ ያጠራቅምና ማበጠር ላይ ሲደርስ ይራገማል።

የተጣለው በከንቱ አይቀርም። ናይትሮጂን ስላለው ኮምፖስት ውስጥ ይገባል፤ በተክል ሥር ቢነጠፍም እርጥበት ይይዛል። የተመረጠውን በጨርቅ ከረጢት ወይም በወረቀት አድርጋችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ። ፌስታል ያልበዋል።

ፀጉሩ ለፈትል መድረሱን በምን ላውቅ?

ከትከሻው አንዲት ጭብጥ፣ የእርሳስ ያህል ውፍረት ያላት፣ ምዘዙ። በሁለት እጅ ጫፍና ጫፉን ይዛችሁ ጆሯችሁ አጠገብ ጠበቅ አድርጋችሁ ሳቡት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው። እንደ ደረቅ ቅጠል ከተንኮሻኮሸ ጭረቶቹ እየተበጠሱ ነው። መሐሉ ላይ ለሁለት ከተከፈለ በዚያ ሰሞን በጉ ታሞ ወይም ተርቦ ነበር ማለት ነው። ከጫፉ ብቻ ከተበጠሰ ፀሐይ ያደረቀው ነው፤ ጫፉን ቆርጦ መጠቀም ይቻላል። መሐሉ የተበጠሰውን ግን ለፈትል አትልፉበት። ለትራስና ለፍራሽ ሙሌት ይሁን።

እንዴት ነው የሚታጠበው? የእኔ ተጠቅጥቆ እንደ ጨርቅ ሆነብኝ።

መጀመሪያ ላይ ያነሣነው ቅርፊት ነው። ሙቀት፣ ሳሙናና መታሸት ሲገናኙ ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ተቆላልፈው አይለቁም። ድንገተኛ የሙቀት ለውጥም ያግዛቸዋል። ስለዚህ ሕጉ ሁለት ነው፦ አታሹት፣ ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ ውሃ አትወርውሩት። ሙቀት ብቻውን ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ያስፈልጋል።

የበግ ቅባት፣ ላኖሊን የሚባለው፣ የሚቀልጠው 40 ዲግሪ አካባቢ ነው። በለብታ ውሃ የሚያጥብ ሰው ቆሻሻውን ያወጣል፣ ቅባቱን ግን አያወጣም። ውሃው 60 ዲግሪ ገደማ ይሁን፤ እጅ ለረጅም ጊዜ የማይችለው ሙቀት ነውና ጓንት አድርጉ። ግማሽ ኪሎ ያህል ፀጉር በመረብ ከረጢት ውስጥ ላላ አድርጋችሁ ክተቱ። መጀመሪያ ሳሙናውን በውሃው ላይ ቀላቅሉ፤ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በደንብ ይሠራል፣ ውሃው በጣት ሲነካ እስኪያንሸራትት ጨምሩ። ከዚያ ከረጢቱን ከላይ አስቀምጣችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ውሃው ጫን አድርጉት። ተዘፍዝፎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይቆይ። አትንኩት። ውሃው እንደ ሻይ ይጠቁራል፤ ደስ ይበላችሁ።

ውሃው ሳይበርድ አውጡት። ከበረደ የቀለጠው ቅባት መልሶ ፀጉሩ ላይ ይረጋና የሚያጣብቅ ነገር ይሆናል። አንዴ ደግሞ በሳሙና፣ ከዚያ በተመሳሳይ ሙቀት ሁለት ሦስቴ በንጹሕ ውሃ። የቧንቧ ውሃ በቀጥታ ላዩ ላይ አትክፈቱ። ሳትጠመዝዙ በፎጣ ጫን ጫን አድርጋችሁ ውሃውን አስወጡና መረብ ላይ ጥላ ውስጥ አስጡት። የደረቀው ፀጉር ሲነካ እጅ ላይ ቅባት ካልተወና ካልተጣበቀ በቃ።

ሳይታጠብ መፍተል አይቻልም?

ይቻላል። በቅርብ ጊዜ የተሸለተና ንጹሕ ከሆነ ቅባቱ ራሱ ጭረቱን ያንሸራትተዋል፤ አንዳንድ ፈታዮች ከዚህ ሌላ አይወዱም። ወራት ከቆየ ግን ቅባቱ ይደርቅና ጣት ላይ ይጣበቃል። ማበጠሪያችሁንም ያቆሽሻል።

ማበጠሪያ መግዛት የግድ ነው?

ለመጀመር አይደለም። ጭብጡን በጣት እየለያዩ ማፍታታት ይበቃል። ትንሽ ቆይታችሁ ግን ትፈልጉታላችሁ። ሁለት ዓይነት አለ። ባለ ቀጫጭን ሽቦ ጥርሱ ጠፍጣፋ ማበጠሪያ፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚሸጠው፣ ጭረቱን በየአቅጣጫው ያባዝተዋል። ከላዩ ላይ ጠቅልላችሁ ስታነሱት ባዘቶ ይወጣላችኋል። ከዚህ የሚፈተለው ክር አየር ይይዛል፣ ቀላልና ሞቃት ነው፤ ለሹራብና ለኮፍያ ይህን ምረጡ። ሁለተኛው ረጃጅም ጥርስ ያለው ነው። አጫጭሩን ለይቶ ያስቀርና ረጃጅሙን ጎን ለጎን ያሰልፈዋል። ክሩ ለስላሳ፣ ጠንካራና አብረቅራቂ ይሆናል፤ ለካልሲና ለሽመና ድር ይህ ይሻላል። ለአጭር ፀጉር የመጀመሪያውን፣ ለረጅሙ ሁለተኛውን መያዝ ነው። ጥርሱ ስለት ስለሆነ ልጅ በማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት።

እንዝርት ወይስ መዘውር?

በእንዝርት ጀምሩ። ርካሽ ነው፣ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ የጀመራችሁትን በፈለጋችሁ ጊዜ ማቆም ትችላላችሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከ30 እስከ 40 ግራም የሚመዝን ይመቻል፤ ቀላል እንዝርት ቶሎ ይቆማል፣ ከባዱ ደግሞ ቀጭን ክር ይበጥሳል። ጥጥ መፍተል የምትችሉ ከሆነ እጃችሁ ግማሹን ያውቀዋል። ጥጥ ግን ጭረቱ አጭር ስለሆነ ጣት ለጣት ይቀራረባል። ሱፍ ላይ በሁለቱ እጆች መካከል ከጭረቱ ርዝመት በላይ ክፍተት መኖር አለበት። አለዚያ አንዱን ጭረት ከሁለቱም ጫፍ ይዛችሁ እየሳባችሁ ነው፤ ወንድሙን አይለቅም።

መዘውር በእግር ስለሚነዳ ሁለቱን እጆች ነጻ ያወጣል፣ በብዙ እጥፍም ይፈጥናል። ሦስት አራት ኪሎ መፍተል ካሰባችሁ ያኔ ግዙት።

ክሬ አንዱ ቦታ ወፍራም፣ አንዱ ቦታ ቀጭን ነው። ይበጠሳልም።

ፀጉሩን በደንብ ካባዘታችሁት ችግሩ የሚሆነው መክረሩ ነው። መክረር ሁልጊዜ ወደ ቀጭኑ ቦታ ይሮጣል። ቀጭኑ ከመጠን በላይ ይከርራል፣ ወፍራሙ ላላ ብሎ ይቀራል፤ ሲሳብ ላላው ይከፈታል። ሲበጠስ ጫፉን እዩት። ጭረቶቹ ተንሸራትተው እንደ ብሩሽ ከተለያዩ አልከረረም፣ እንዝርቱን ጨምራችሁ አሽከርክሩ። ክሩ ከመበጠሱ በፊት እንደ እባብ እየተጠመጠመ ከነበረ ደግሞ በዝቶበታል።

ለመለካት ቀላል ዘዴ አለ። ከፈተላችሁት አንድ ክንድ ያህል ላላ አድርጋችሁ ጫፍና ጫፉን አገናኙት። በራሱ ላይ ይጠመጠማል። የተጠመጠመው መልክ የሚያስደስታችሁ ከሆነ ተመችቷል ማለት ነው፤ ሁለት ክር ስትገምዱ የሚወጣው ያው ነው። ወፍራምና ቀጭኑ ግን ጊዜ ይፈልጋል። የመጀመሪያውን ልቃቂት አትጣሉት። ከሦስት ወር በኋላ እጃችሁ ሲገራ ያን ክር ሆን ብላችሁ ልትፈትሉ ብትሞክሩ አይሆንላችሁም።

ሁለት ክር መግመድ ለምን ያስፈልጋል? የተፈተለው ክር በቃ አያልቅም?

ነጠላ ክር ኃይሉ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። ሹራብ ሲሠራበት ሹራቡ ወደ ጎን ያዘነብላል። ሁለቱን ክሮች ወደ ተፈተሉበት ተቃራኒ አቅጣጫ አዙራችሁ ስትገምዱ አንዱ የሌላውን ይሽርና ክሩ ይረጋጋል። ጠንካራም ይሆናል፣ ወፍራምና ቀጭኑም እርስ በርስ ይሸፋፈናል።

ከዚያ ቱባ አድርጋችሁ አራት ቦታ ላላ ባለ ክር እሰሩትና ሙቅ ውሃ ውስጥ 20 ደቂቃ ንከሩት። አውጥታችሁ ጭምቅ፣ ግድግዳ ላይ ጠብ ጠብ አድርጉትና ስቀሉት። ከሥሩ ክብደት አታንጠልጥሉ፤ ክሩ ተወጥሮ ይደርቅና ሹራቡ መጀመሪያ ሲታጠብ ያጥራል።

የሠራሁት ሹራብ ያሳክከኛል። ለሱፍ አለርጂ አለብኝ ማለት ነው?

ብዙ ጊዜ አይደለም። ከ30 ማይክሮን በላይ የሆኑ ጭረቶች ጫፋቸው ቆዳ ሲነካ አይተጣጠፍም፣ ይወጋል። አማካዩ 25 የሆነ ፀጉር ውስጥ እንኳ ጥቂት ወፍራሞች አይጠፉም። የአንዱን በግ ፀጉር በሙሉ ስለቀላቀላችሁት ሊሆን ይችላል፤ የትከሻውና የታፋው ፀጉር አንድ አይደለም። የትከሻውን ለአንገት ልብስ፣ የጎኑን ለሹራብ፣ የታፋውን ለምንጣፍ ለዩት።

ብል እንዴት ይከላከሏል?

ሱፉን የሚበላው ቢራቢሮዋ ሳትሆን ትሏ ናት፤ የምትወደው ደግሞ ጨለማ፣ ጸጥታና ያልታጠበ ፀጉር ነው። አጥባችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ፣ በሚዘጋ ዕቃ ያዙና በየጊዜው ከፍታችሁ አራግፉ። ከገባች ልቃቂቱን በፌስታል አሽጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ አንድ ሁለት ሳምንት አስቀምጡት። ያልታጠበ ፀጉርን ከተፈተለው ጋር አንድ ክፍል አታኑሩ።

በጉ ሞተ። ፀጉሩን ልሸልተው?

በምን እንደሞተ ካላወቃችሁ አትንኩት። አባ ሰንጋ ድንገት ይገድላል፤ ዘሩ ፀጉርና ቆዳ ላይ ለብዙ ዓመት ሳይሞት ይቆያል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዟ ብራድፎርድ የሱፍ ለቃሚዎችን ይገድል የነበረው በሽታ ይኸው ነበር። ከአፍ፣ ከአፍንጫ ወይም ከፊንጢጣ ደም የወጣው በድን ከሆነ ቆዳውን አትግፈፉ፣ አትክፈቱት፣ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። ከጤነኛ በግ ጋርም ቢሆን ከሽለታና ካልታጠበ ፀጉር በኋላ እጅ መታጠብ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ በጎች በሚወልዱበት ሰሞን ከጉረኖ ብትርቅ ይሻላል፤ ከሚወልዱ በጎች ጽንስ የሚያስወርድ ተላላፊ በሽታ ሊይዛት ይችላል።

ያዋጣል?

ጥሬውን በጅምላ ለመሸጥ ከሆነ አያዋጣም። ሻካራ ፀጉር በብዙ አገር የሸላቹን ዋጋ እንኳ አይመልስም። የተለቀመና ንጹሕ ፀጉርን ለእጅ ፈታዮች መሸጥ ይሻላል፤ እነሱ የሚገዙት በዝርያ፣ በቀለምና በንጽሕና ነው። የተፈተለ ክር ከዚያም በላይ ያወጣል፤ ግን ሰዓታችሁን ካሰባችሁት ከደመወዝ ጋር አይወዳደርም። ግልገል፣ ፍግና ሥጋ ተደምሮ ነው ትንሽ እርባታ ራሱን የሚችለው።

ጥቁር ግልገል ገዝቼ ነበር፤ አሁን ቡናማ ሆነ፣ ፀጉሩም እየሳሳ ነው። ተታልዬ ነው?

አይ። ቡናማው ጫፉ ብቻ ከሆነ ፀሐይ ነው። ፀጉሩን ለያይታችሁ ሥሩን እዩ፤ ጥቁር ከሆነ በጉ ጥቁር ነው። ሥሩም ከገረጣ ዕድሜ ነው፤ ብዙ ጥቁር በጎች እንደ ሰው ይሸብታሉ፣ አንዳንዱ ገና በሁለተኛ ዓመቱ ይጀምረዋል። ለዚህ ነው ቀለም ፈልጎ የሚገዛ ሰው ከግልገሉ ይልቅ እናቱንና አባቱን ማየት ያለበት። የግልገሉ የመጀመሪያ ሽለታ ደግሞ በዕድሜው ሙሉ ከሚሰጠው ሁሉ ለስላሳው ነው፤ እሱን ከሌላው ሳትቀላቅሉ ለብቻው ፍተሉት።

መሳሳቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በወጣት በግ ላይ ከሆነ ወደ ትሉና ወደ መኖው ተመለሱ። ስድስት ሰባት ዓመት ያለፈው ከሆነ አፉን ክፈቱት። የፊት ጥርሱ ረዝሞ፣ ተበልቶ ወይም ወልቆ ከሆነ ሣሩን እየነጨ አይደለም። ደቀቅ ያለ ድርቆሽና የራሰ መኖ ለብቻው ካገኘ ጥቂት ዓመት ይቆያል። ፀጉሩ ግን እንደ ድሮው አይመለስም።